እናቴ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት እየጠጣች ነው፤ ሆዷ ገብቶ ምን ይሆናል?

ሰኒ_ከገርጂ · ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ወንድሜ ጓንጁ ነው የሚነግደው። ለፋሲካ ሲመጣ ለእማዬ የጉልበት ሕመም የሚሆን የቻይና መድኃኒት ይዞላት መጣ። ክኒን አይደለም። በወረቀት የተጠቀለለ ሥር፣ ቅርፊትና እንጨት መሳይ ነገር ነው። እማዬ አንዱን ጥቅል ሸክላ ድስት ውስጥ ትጨምርና ሁለት ብርጭቆ እስኪቀር ታፈላዋለች። ሽታው ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ። ይኸው ሰባት ሳምንት ሆናት።

ጉልበቴን ተሽሎኛል ትላለች። ግን ባለፈው ሳምንት እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ አላት። ግፊቷን ስለካው 168 በ96። የግፊት መድኃኒቷን እየወሰደች ከ135 አልፎ አያውቅም ነበር።

ጥቅሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልኬ ካሜራ አስተረጎምኩት። ስሙ ዱ ሁዎ ጂ ሸንግ ታንግ ነው ይላል። 15 ዓይነት ነገር አለው። ቀረፋ፣ ጂንሰንግ፣ ሊኮሪስ የሚባል ሥር... የቀረውን ስልኩ ራሱ ግራ ገብቶት ቀለደብኝ።

ጥያቄዬ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። እሱን ሰፈር ውስጥ ያላስረዳኝ ሰው የለም። እኔ ማወቅ የምፈልገው መንገዱን ነው። ሆድ ገብቶ ምን ይሆናል? ደም ውስጥ ይገባል? ግፊት ላይ በየት በኩል ነው የሚደርሰው?

አያ_ዳማከሴ · ሰኞ ማታ 2፡58

እህቴ አታካብጂ። ሥርና ቅርፊት ነው። አያቶቻችን ዳማከሴ ጨምቀው፣ ኮሶ ጠጥተው ኖረዋል። ሰውነት የተፈጥሮን ነገር ያውቃል፤ የማያውቀው የፋብሪካውን ነው። እግሯ ያበጠው ቁጭ ብላ ስለምትውል ይሆናል።

ፋርማሲዋ_ልጅ · ሰኞ ማታ 3፡35

አያ ዳማከሴ፣ ኮሶ የጠጣ ሰው "ሰውነቴ አወቀው" አይልህም። ቀኑን ሙሉ የት እንደዋለ ነው የሚነግርህ።

ሰኒ፣ መጀመሪያ እማማ የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒት ስም ጻፊልኝ። አንድም እንዳትዘይ። እስከዚያ ጥያቄሽን ልሞክረው፤ ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ያዢ።

ነገሩ ከድስቱ ይጀምራል። ለምሳሌ ፉ ዙ የሚባል ሥር አለ (የእናትሽ ጥቅል ውስጥ የለም፣ አትደንግጪ)። ጥሬው አኮኒቲን የሚባል ልብ የሚያውክ መርዝ አለው። ቻይናዎቹ ከሌላው አስቀድመው ለብቻው ረጅም ሰዓት ያፈሉታል። ውሃና ሙቀት ሞለኪውሉን ስለሚሰባብሩት መርዝነቱ በብዙ እጥፍ ይወርዳል። ጉበት ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ምድጃው ቀድሞ ሠራው እንደማለት ነው። ቸኩሎ ለሩብ ሰዓት ብቻ ያፈላው ሰው ግን ድንገተኛ ክፍል ሊገኝ ይችላል።

ከድስቱ ቀጥሎ ሆድ፣ ከዚያ ትንሹ አንጀት። ብዙው ንጥረ ነገር ፈተናውን የሚወድቀው እዚህ ነው። የእጽዋት ንጥረ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ተጣብቆበት ነው የሚመጣው። ስኳር የተሸከመ ሞለኪውል ትልቅ ነው፣ ውሃ ይወዳል። የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ሽፋን ደግሞ ስብ ነው። ስለዚህ አያሳልፈውም። ጂንሰንግ ውስጥ ያለው ጂንሰኖሳይድም፣ ሊኮሪስ ውስጥ ያለው ግሊሲራይዚንም በአብዛኛው እንዳሉ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ።

እዚያ ባክቴሪያዎቹ እየጠበቋቸው ነው። ስኳሩን ቆርጠው ይበሉታል፤ ለእነሱ ምሳ ነው። የተረፈው ቁራጭ አነስ ያለና ስብ ወዳድ ስለሆነ ግድግዳውን ሾልኮ ደም ይገባል። እናትሽ የጠጡት ግሊሲራይዚን ነው። ደማቸው ተመርምሮ የሚገኘው ግን በዋናነት ግሊሲሬቲኒክ አሲድ የሚባል ሌላ ነገር ነው። ጥቅሉ ላይ ስሙ የለም። እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ነው የተሠራው።

ከአንጀት የሚነሳ ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። መጀመሪያ ጉበት ይገባል። ጉበት ኬላ ነው፣ ኢንዛይሞቹ ፈታሾች ናቸው። አንዱን ያፈርሱታል። ሌላው ላይ በውሃ እንዲሟሟ የሚያደርግ ነገር ይለጥፉበትና በሽንት ወይም በሐሞት ያባርሩታል። በሐሞት የወጣው ተመልሶ አንጀት ይወርዳል። ባክቴሪያው ልጣፉን ይገነጥልለታል፣ እሱም እንደገና ደም ይገባል። ከሜክሲኮ መገናኛ እንደሚመላለስ ሚኒባስ። የሊኮሪሱ ቁራጭ ከዚህ መስመር ቶሎ አይወጣም፤ በየቀኑ ሲጠጣ እየተጠራቀመ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

ግፊቱ ጋ በየት በኩል እንደሚደርስ መድኃኒቶቹን ከነገርሽኝ በኋላ።

ጠርጣሪው_ቶማስ · ሰኞ ማታ 4፡10

ጥሩ ተረት ነው። ግን የሚቆርጠው ባክቴሪያ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የአንጀት ኢንዛይም ሊሆን አይችልም?

ፋርማሲዋ_ልጅ · ሰኞ ማታ 4፡31

ይሄ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። አንድም ባክቴሪያ የሌለባቸው የላቦራቶሪ አይጦች አሉ። በታሸገ ሳጥን ውስጥ ተወልደው ያድጋሉ፣ ምግባቸው ሳይቀር ከጀርም የጸዳ ነው። ግሊሲራይዚን ሲሰጣቸው ያ ቁራጭ ደማቸው ውስጥ አልተገኘም። የሰው አንጀት ባክቴሪያ ሲጨመርላቸው ተገኘ።

ቤትህ ውስጥ የምታየው ማስረጃ ብትፈልግ፣ ለሆድ ድርቀት የሚወሰደውን ሰና አስበው። ማታ ወስደኸው ጠዋት ነው የሚያስሮጥህ። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ትልቁ አንጀት እስኪደርስና ባክቴሪያ እስኪፈታው ድረስ ምንም አይሠራም። ዳ ሁዋንግ የሚባለው የቻይና የሆድ ድርቀት ሥርም እንዲሁ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። የኔና ያንተ ባክቴሪያ አንድ አይደለም። የጂንሰንግን ንጥረ ነገር ኮምፓውንድ ኬ ወደሚባለው፣ ደም ውስጥ ወደሚገባው ቅርጽ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች አንዱ ሰው ላይ ሞልተዋል፣ ሌላው ላይ ኢምንት ናቸው። ሁለት ሰው ከአንድ ድስት ቀድቶ ጠጥቶ አንዱ "ሠራልኝ"፣ አንዱ "ውሃ ነው" ቢል ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። አንቲባዮቲክ ጨርሶ የመጣ ሰውማ ለጥቂት ሳምንታት ሌላ ሰው ነው።

ሰኒ_ከገርጂ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

መድኃኒቶቿ፦ አምሎዲፒን 5፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25። ሌላ የለም።

አንድ የረሳሁት ነገር። ወንድሜ ከጥቅሎቹ ለብቻ በላስቲክ ከረጢት የሆነ ቢጫ ሥር አምጥቶላት ነበር፣ እንደ እርሳስ ቀጠን ያለ። መድኃኒቱ ስለሚመር ማጣፈጫ ብሎ። እማዬ ወደደችው። ድስቱ ውስጥ እፍኝ ትጨምራለች። ቴሌቪዥን ስታይም ትቆረጥመዋለች። አሁን ሳስበው ያ ራሱ ሊኮሪሱ አይደል?

ፋርማሲዋ_ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡22

ሰኒ ሥሩን ዛሬ አቁሙ። ጥቅሉንም። ለሐኪማቸው ሁሉንም ነገር ንገሩ፣ ፖታሺየም ይታይላቸው። ጡንቻቸውን ይደክማቸዋል? ልባቸው ይዘላል? ከሆነ ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ሂዱ። የግፊት መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳትቀንሱም እንዳትጨምሩም።

ማብራሪያውን በምሳ ሰዓት እጽፈዋለሁ።

ሀያት_ሻርጃ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

ይሄ ሥር እኮ እዚህ ኢርቅ ሱስ የሚሉት ነው! በረመዳን በረዶ ጨምረው ጥቁር መጠጥ አድርገው ይሸጡታል። የምሠራበት ቤት ያሉት ትልቅ ሴትዮ ግፊት ስላለባቸው ሐኪማቸው ከልክሏቸው ነበር። እኔ በስኳር ብዛት ይመስለኝ ነበር።

ፋርማሲዋ_ልጅ · ማክሰኞ ቀን 7፡20

ሀያት ልክ ነሽ፣ ያው ነው። ጣዕሙ የስኳር አይደለም። ግሊሲራይዚን ከስኳር ከ30 እስከ 50 እጥፍ ይጣፍጣል። ቻይናዎቹም ስሙን ጋን ጻኦ ያሉት "ጣፋጭ ሣር" ለማለት ነው። ከቀመሮቻቸው ሁሉ በብዛት የሚገባ እጽ ነው። ጥቅል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ግራም ነው የሚሆነው። እማማ እንደ ቆሎ ነው የበሉት።

እንግዲህ ግፊቱ። ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አለን፣ ደማችን ውስጥ ሁልጊዜ ብዙ ነው። ኩላሊት ውስጥ ደግሞ "ጨው ያዝ፣ ፖታሺየም ልቀቅ" የሚል ትእዛዝ የሚቀበል በር አለ። የበሩ ባለቤት አልዶስቴሮን ነው። ችግሩ ኮርቲሶልም ቁልፉ ይገጥምለታል። ስለዚህ ኩላሊት በሩ አጠገብ አንድ ዘበኛ ኢንዛይም አቁሟል። ኮርቲሶል ሲመጣ ወደ ኮርቲሶን ይቀይረዋል፣ ያኔ ቁልፉ አይገጥምም።

ግሊሲሬቲኒክ አሲድ (ያ ባክቴሪያ የቆረጠው የሊኮሪስ ቁራጭ) ይህን ዘበኛ ያስተኛዋል። ኮርቲሶል ዘው ብሎ ይገባል። ጨውና ውሃ ይያዛል፣ እግር ያብጣል፣ ግፊት ይወጣል። ፖታሺየም በሽንት ይፈስሳል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም በበኩሉ ፖታሺየም የሚያስወጣ ክኒን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ቀዳዳው ሁለት ሆነ። እኔን ያስደነገጠኝ ከግፊቱ ይልቅ ይሄኛው ነው፤ ፖታሺየም በጣም ሲወርድ ልብ ምቱን ይስታል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ሾፌር · ማክሰኞ ማታ 1፡50

የኛን ታሪክ ልጨምር። አባቴ የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳል። አንድ ወዳጃችን "ለልብ ጥሩ ነው" ብሎ ዳን ሸን የሚባል ቀይ ሥር ሰጠው። አባባ ለማንም ሳይናገር ማታ ማታ እንደ ሻይ ይጠጣዋል። አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር) ሁልጊዜ 2.5 እና 3 መካከል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት 6.1። ትራሱ ላይ የነስር ደም አይተን ነው የሮጥነው። ነርሷ "አዲስ ነገር ጀምረዋል?" ስትለው "አይ፣ ሻይ ብቻ" አላት። ሻይ ብቻ!

ፋርማሲዋ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡30

"ሻይ ብቻ" የሚለውን በቀን አራቴ እሰማዋለሁ።

ይሄም የኬላው ጉዳይ ነው። ፈታሾቹ ዋርፋሪንንም እጹንም የሚፈትሹት እነዚያው ናቸው። አንዳንድ እጽ ፈታሹን ይይዝበታል፣ ዋርፋሪኑ ሳይፈርስ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሌላው ደግሞ ፈታሽ ያስበዛል፣ መድኃኒቱ ሳይሠራ ያልቃል። ጉበትን ሳይነኩ የራሳቸውን ደም የማቅጠን ሥራ የሚደርቡም አሉ። ዳን ሸንና ዳንግ ጉዊ የሚባል ሌላ የቻይና ሥር ከዋርፋሪን ጋር መድማት ያመጡባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ጂንሰንግ በተቃራኒው የዋርፋሪንን ጉልበት ቀንሶ ታይቷል። የሰኒ እናት ጥቅል ውስጥ ጂንሰንግም ዳንግ ጉዊም አለ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቤት ይህ ጥቅል መግባት የለበትም።

ሯጩ_ከሰንዳፋ · ማክሰኞ ማታ 3፡02

ለጉንፋን የሚሆን የቻይና ሻይ ገዝቼ ነበር። ማ ሁዋንግ አለበት ይላል። ከባክቴሪያው ጋር አብሮ ይጠፋል ወይስ?

ፋርማሲዋ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡09

ወንድሜ ጣለው! ማ ሁዋንግ ማለት ኤፌድሪን ነው፣ ልብ የሚያፋጥን አነቃቂ ነገር። የትኛውንም ባክቴሪያ አይጠብቅም፣ ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ከትንሹ አንጀት ጥርግ ብሎ ይገባል። ጉበትም ብዙ አይነካውም። አብዛኛው ራሱን ሳይቀይር በሽንት ይወጣል። የፀረ ዶፒንግ ሰዎች ደግሞ የሚጠብቁት እዚያው ነው። በውድድር ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ10 ማይክሮ ግራም ካለፈ ጥፋተኛ ነህ።

ነርሱ_መተማ · ረቡዕ ጠዋት 4፡40

በሥራዬ በየክረምቱ የማየውን ልንገራችሁ። ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም ግማሹ ከቻይና እጽ የመጣ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) ቻይና የወባ መድኃኒት ፍለጋ ፕሮጀክት 523 የሚባል ምሥጢራዊ ሥራ ጀመረች። ቱ ዩዩ የምትባል ተመራማሪ ከቡድኗ ጋር ቺንግ ሃኦ የሚባለውን እጽ ትሞክራለች፤ ውጤቱ አንዴ ይገኛል አንዴ ይጠፋል። የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ጌ ሆንግ የጻፈውን ስታነብ እፍኝ ቅጠል ውሃ ውስጥ ነክረህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። አፍላው አይልም! ሙቀቱ ይሆን የሚያበላሸው ብላ በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው። በጥቅምት 1971 ናሙና ቁጥር 191 አይጦች ላይ ያለውን ወባ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በ2015 ኖቤል ተሸለመች። የእኛ አገር ኮአርተምን ፋልሲፓረም ለሚባለው አደገኛ የወባ ዓይነት የመጀመሪያ ሕክምና ያደረገው በ2004 (በፈረንጅ) ነው።

አሁን ወደ ርእሱ። ክኒኑ ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን ስብ ይፈልጋል። ስብ ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ በባዶ ሆድ ከሚወሰደው 16 እጥፍ ያህል ደም ውስጥ ይገባል። ከእጹ የመጣው አርቴሜተርም ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣውን የቀን ሠራተኛ "ወተት አለህ?" እለዋለሁ። የለውም። አንዱ ባለፈው ዓመት "ሰሊጥ ልቃም?" አለኝ። ቃም አልኩት፣ ዘይት ነው።

ጠርጣሪው_ቶማስ · ረቡዕ ቀን 6፡15

ታዲያ ቅጠሉን እቤቴ ተክዬ ብጠጣስ? እናቴ ጓሮ ጭቁኝ አላት፣ ዘመድ ናቸው ይባላል።

ነርሱ_መተማ · ረቡዕ ቀን 6፡50

ዘመድ ናቸው፣ ግን ያው ተክል አይደለም። ትክክለኛውን ብታገኝ እንኳ አርቴሚሲኒን (ወባ የሚገድለው የእጹ ንጥረ ነገር) ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ሻይህ ውስጥ ስንት እንደገባ አታውቅም። በዚያ ላይ ይህ ነገር የራሱን ፈታሽ ያስበዛል፤ በየቀኑ ስትወስደው ከቀናት በኋላ ደምህ ውስጥ የሚገኘው በጣም ይቀንሳል። ወባው ግን አይቀንስልህም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቅጠሉን በሻይ መልክ ለወባ አይመክርም።

አያ_ዳማከሴ · ረቡዕ ማታ 1፡20

እሺ ተሸነፍኩ ልበል። ግን ሁሌ "አይገባም፣ አይሟሟም" ከሆነ እነዚያ ሁሉ ቻይናዎች ለሺህ ዓመታት የጠጡት ለምንድነው?

ፋርማሲዋ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 2፡05

አልተሸነፍክም፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ደም አለመግባት ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። ሁዋንግ ሊያን የሚባል መራራ ቢጫ ሥር ውስጥ ቤርቤሪን አለ። ከጠጣኸው ውስጥ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ግን ለተቅማጥ ነው የሚሰጡት። በሽታው አንጀት ውስጥ ነው፣ መድኃኒቱም እዚያው ቀረ። ምን ትፈልጋለህ?

"ተፈጥሮ ነው" የሚለው ግን ዛሬም አይገባኝም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ ፋንግ ጂ የሚባል የቻይና እጽ ለደንበኞቹ ይሰጥ ነበር። በስም መመሳሰል ጓንግ ፋንግ ጂ የሚባል ሌላ ተክል ተተካ። እሱ አሪስቶሎኪክ አሲድ አለው። ከመቶ በላይ ሰው ኩላሊቱ ተጎዳ። ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ ከቆመ 39 ታማሚዎች በ18ቱ የሽንት ቧንቧ አካባቢ ካንሰር ተገኘ። አሲዱ ራሱ ዲኤንኤ ላይ አይጣበቅም። የራሳችን ኢንዛይም ሊያስወግደው ብሎ ሲነካካው ነው ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ ነገር የሚሆነው። ፈታሹ ራሱ ፈንጂውን አቀባበለ።

እማማ ጥቅል ውስጥ ያለው ሺ ሺንም የዚያው ቤተሰብ ተክል ነው። ቅጠሉ ላይ አሲዱ ስለሚበዛ ቻይና ከሥሩ በስተቀር እንዳይገባ አድርጋለች። በወረቀት ከተጠቀለለ ነገር ውስጥ ሥሩን ከቅጠሉ ማን ይለየዋል? እኔ አልለይም።

ሰኒ_ከገርጂ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀን 9፡30

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ማክሰኞ ዕለቱን ሄድን። ፖታሺየሟ 2.9 ነበር፣ ከ3.5 በታች መሆን የለበትም አሉን። የልብ ምርመራ ተነሣች። ሁለት ቀን አስተኝተው ፖታሺየም ሰጧት፣ ያንን ፖታሺየም የሚያስወጣ ክኒንም ቀየሩላት። ሐኪሙ ሥሩን በእጁ ይዞ አሸተተው፣ ጥርሱ ላይ ነካ አድርጎ "እውነትም ይጣፍጣል" አለ።

እብጠቱ በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ። ትናንት 138 በ84። የጉልበቷ ሕመም ትንሽ ተመልሶባታል፣ አልዋሽም። ፊዚዮቴራፒ ጀምራለች፤ "ከዚህ ሁሉ እግር ማንሳት መራራው ይሻለኝ ነበር" ትላለች።

ወንድሜን ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ እሱም ቢሮው ውስጥ እንደሚቆረጥመው ነገረኝ።

አያ_ዳማከሴ · እሑድ ማታ 12፡40

እግዚአብሔር ይመስገን። እና የተረፈውን ሥር ምን አደረግሽው?

ሰኒ_ከገርጂ · እሑድ ማታ 1፡05

ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እማዬ ቁልፉን እየፈለገች ነው።